ውሻችን፣ ድመታችን፣ ፈረሳችን በጠና ሲታመምና ሲሞት፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መቻል የሚባል ውሻ ነበረኝ። ባሕር ዳር 11 ዓመት አብረን ኖርን። ባለፈው ክረምት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ከደብረ ማርቆስም፣ ከሞጣም፣ ከዳንግላም፣ ከቡሬም የሚደውልልኝ ሰው በዛ። አንዱ ውሻው ታሞበታል፤ የአንዷ ድመት መብላት አቁማለች፤ ሌላው ሞቶበት ሰው እንዳይስቅበት በር ዘግቶ ሲያለቅስ ሰንብቷል። የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። እኔ የከብት ሐኪም አይደለሁም። ያለፍኩበትን፣ ሐኪሞች ያስረዱኝንና ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ።

ሕመሙ የጠና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። ድመት ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። ስለዚህ አልጮኸም ማለት አላመመውም ማለት አይደለም። ማየት ያለባችሁ የልማዱን መለወጥ ነው። በር ስትከፍቱ ዘሎ ይመጣ የነበረው ውሻ ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ከተኛ፣ ድመቷ ከጓዳ ጥግ አልወጣ ካለች፣ ምግብ ሳይቀምስ ሁለት ቀን ካለፈው፣ ወይም ውኃ እየደጋገመ እየጠጣ ሰውነቱ ከሳ ከሳ ካለ፣ አንድ ነገር አለ። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። ብዙውን ጊዜ ሮዝ ነው። ከነጣ ወይም ቢጫ ከሆነ ነገ አትበሉ።

ለማደር ጊዜ የማይሰጡ ሦስት ነገሮች አሉ። ቡችላ እያስመለሰው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከያዘው ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ የሚገድለው በዋናነት የፈሳሽ ማለቅ ስለሆነ ቶሎ በደም ሥር ፈሳሽ ካገኘ ብዙው ይተርፋል። ወንድ ድመት ለመሽናት እያማጠ ጠብታ ካልወጣው የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ነው። ሰው ድርቀት ይመስለዋል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ሦስተኛው የአይጥ መርዝ ነው። መርዙን ራሱ የበላም፣ መርዝ የበላ አይጥ የበላም ሁለቱም ያሰጋሉ። አንዳንዱ የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ስለሆነ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፤ መድኃኒቱም ቫይታሚን ኬ ነው። የመርዙን ወረቀት ወይም ካርቶን ካገኛችሁ ለሐኪሙ ይዛችሁለት ሂዱ።

የት ልውሰደው? እዚህ አገር ውሻ የሚያክም ሐኪም አለ እንዴ?

አለ። ግን የወረዳው የእንስሳት ክሊኒክም ሆነ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ በዋናነት የሚሠራው ለበሬ፣ ለላም፣ ለበግና ለፍየል ነው። ባለሙያው ውሻ እምብዛም ላይገጥመው ይችላል። አንዳንዱም መነከስን ይፈራል፣ እውነቱን ነው። ስለዚህ ሥራውን አቅልሉለት። ውሻውን በሰንሰለት ይዛችሁ ሂዱ፣ አፉን በጨርቅ እሰሩለት (የሚያስመልሰው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ግን አትሰሩት)፣ የክትባት ካርድ ካለው አሳዩ።

የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ከደብረ ማርቆስ ቢሾፍቱ ለመድረስ ግን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ ነው፤ ለደከመ እንስሳ ይኼ መንገድ ራሱ በሽታ ነው፤ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜማ አይታሰብም። መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። አካሄዱን፣ አተነፋፈሱን፣ እባጩን በቪዲዮ ቀርጻችሁ በቴሌግራም ላኩ። እኔ ከአንድ ሩቅ ካለ ሐኪም ብዙ እርዳታ ያገኘሁት እንደዚህ ነው።

ሐኪሙ «አይድንም» አለኝ። ልመነው?

ምን ሆኖ ነው የማይድነው ብላችሁ የበሽታውን ስም ጠይቁ። ስሙን ካልነገራችሁ ሌላ ሰው አማክሩ።

ይኼን የምለው በምክንያት ነው። ውሾች ብልት ላይ የሚወጣ፣ አበባ ጎመን የመሰለ፣ ደም የሚያንጠባጥብ እባጭ አለ። ሲጋቡ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የካንሰር ዓይነት ነው። መልኩ ያስፈራል፣ ይሸታልም፤ ብዙ ሰው ያንን ሲያይ ውሻውን ያባርራል ወይም ያስገድላል። ግን ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደም ሥር ሲሰጠው አብዛኛው ውሻ ሙሉ በሙሉ ይድናል። ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው የቆሰለ ውሻም እንደዚያው ነው፤ እከክ መድኃኒት አለው።

የማይድኑም አሉ። ሥራ ያቆመ ኩላሊት፣ የተሰራጨ ካንሰር፣ ዲስቴምፐር የሚባለው የቫይረስ በሽታ ይዞት ነርቩን የነካውና መንቀጥቀጥ የጀመረ ውሻ። እነዚህ ላይ ሐኪሙ አይድንም ካላችሁ እመኑት።

ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ጠባዩም ተለውጧል። ላስታምመው?

አይሆንም። እዚህ ላይ ከርኅራኄ በፊት ጥንቃቄ ይቀድማል።

የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ሁልጊዜ ሰው ማሳደድ አይደለም። አንዳንዱ ውሻ ይልቁንስ ጭምት ይሆናል፤ ጨለማ ቦታ ይደበቃል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ ድምፁ ይለወጣል። ባለቤቱ ታዲያ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ ይኼን አታድርጉ። በሽታው የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ድመትም፣ ፈረስም፣ አህያም፣ ላምም ይይዛቸዋል።

እንስሳውን ሳትነኩት በር ዝጉበት። ልጆችን አርቁ። የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ሰው ከነከሰ፣ ቢጭርም፣ ምራቁ ቁስል ላይ ቢያርፍም፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ ከዚያ በቀጥታ ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ ተጠመቁ፣ እኔም እጠመቃለሁ፤ ክትባቱን ግን ተከተቡ። የባህል መድኃኒት እየሞከራችሁ ቀን አታባክኑ። ሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ ቸኩላችሁ አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት፤ የተነከሰው ሰው ግን ይኼን ሳይጠብቅ ሐኪም ጋ ይሂድ። በ10 ቀን ውስጥ ካልታመመና ካልሞተ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የበሽታው ምልክት በግልጽ የታየበት እንስሳ ግን የሚጠብቀው ከባድ ሞት ነው፤ ባለሙያ በመድኃኒት ሕይወቱ እንዲያልፍ አድርጎ ቶሎ ቢያሳርፈው ለእሱም ለእናንተም ይሻላል። ያን ቀን ልትሰናበቱት አትችሉም። በመስኮት ነው የምታዩት። ይኼ የገጠማቸው ሰዎች ሐዘናቸው ከሌላው ይለያል፣ አውቃለሁ።

ቤት ውስጥ እንዴት ላስታምመው?

አተኛኘቱን አስተካክሉለት። ጭድ የሞላበት ጆንያ ላይ አሮጌ ጋቢ ማንጠፍ ይበቃል። መነሳት ካቃተው በየሦስት አራት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት፣ አለበለዚያ ይቆስላል። ከሸናበት ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። የክረምት ቅዝቃዜ አቅመ ደካማ እንስሳ ላይ ይበረታል፤ ደጅ የለመደ ውሻም ቢሆን ወደ ውስጥ አስገቡት።

ምግብ በትንሽ በትንሹ ስጡት። መረቅ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሩዝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ለውሻም ለድመትም መርዝ ነው፤ ቀይ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደግሞ የለንም፣ ስለዚህ ለብቻው አብስሉለት። ጾም ከሆነ እናንተ ጹሙ፣ እሱ ግን እንቁላሉን ይብላ። ዐቢይ ጾም ላይ ቤቱ ውስጥ ሽሮና ጎመን ብቻ ሆኖ የታመመ ድመት በረሃብ ሲያልቅ አይቻለሁ፤ ድመት ያለ ሥጋና ዓሣ አይኖርም። ባሕር ዳርና አካባቢው ያላችሁ ከጣና ዳር የዓሣ ትራፊ ማግኘት አያቅታችሁም።

የሰው ማስታገሻ አትስጡ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ ግማሽ ፍሬም ብትሆን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። ለእንስሳ የሚሆን ማስታገሻ ከከብት ሐኪም ጠይቁ።

የማሳረፊያው ጊዜ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይኼ ነው፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው።

መቻል ጉበቱ ላይ እባጭ ነበረው። ሐኪሙ ነገረኝ፤ ሰማሁት፤ ግን አልሰማሁትም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ስምንተኛው ቀን ላይ ጠዋት ጭራውን አንድ ጊዜ ሲወዘውዝ አየሁና «ይኸው፣ እየተሻለው ነው» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ። ጭራውን የወዘወዘው ስላየኝ ነው እንጂ ስለተሻለው አልነበረም። ያቺን አንዲት ጭራ ይዤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አሳደርኩት።

ስለዚህ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፣ ዓይን የሚወደውን ይመርጣል። መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጡ። ማታ ማታ፣ ቤተሰቡ ባለበት፣ ቀኑ ለእሱ እንዴት ዋለ ብላችሁ ተነጋገሩ። ደህና ከዋለ አንድ ፍሬ በቆሎ ቀኙ ብርጭቆ ውስጥ፣ ክፉ ከዋለ ግራው ውስጥ። የግራው ሲበልጥ ታዩታላችሁ። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ማስተባበል ያስቸግራል።

አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ሐኪም ያዘጋጁት መለኪያም አለ። ሰባት ነገሮችን ከ0 እስከ 10 ነጥብ ትሰጣላችሁ፦ ሕመሙ ታግሷል ወይ፣ ይበላል ወይ፣ ውኃ ይጠጣል ወይ፣ ንጹሕ ነው ወይ፣ ደስታ አለው ወይ፣ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ ከክፉው ቀን ደጉ ይበዛል ወይ። ከ70 ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙ ያስኬዳል። ሕመም ውስጥ ትንፋሽ ማጠርም ይቆጠራል፤ እኔ ብጠየቅ ትንፋሽ ያጠረው እንስሳ ሌላው ነጥብ ምንም ቢሆን አይቆይ እላለሁ።

አንድ ሳምንት ዘግይታችሁ ከምትወስኑ አንድ ቀን ቀድማችሁ ብትወስኑ ይሻላል። ይኼን በደንብ አስቤበት ነው የምጽፈው።

መርፌው ሲወጋ ምን ይሆናል? አብሬው ልቁም?

ደንበኛው አሠራር ከማደንዘዣ ዓይነት የሆነ መድኃኒት ከመጠን በላይ በደም ሥር መስጠት ነው። እንስሳው ይተኛል፣ ከዚያ ትንፋሹና ልቡ ይቆማል። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ዓይኑ አይከደንም። ከሞተ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ የተነፈሰ ሊመስል፣ ሽንትም ሊያመልጠው ይችላል። ቀድማችሁ ካላወቃችሁት ያስደነግጣል።

ያ መድኃኒት እኛ አካባቢ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ሐኪሙን በምን እንደሚያሳርፈው ጠይቁት። ትክክለኛው ጥያቄ «መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ታደነዝዘዋለህ ወይ?» ነው። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይከፋም። አንዳንድ ቦታ ፖታሲየም ክሎራይድ ይጠቀማሉ፤ በደንብ ለደነዘዘና ምንም ለማይሰማው እንስሳ ሲሆን ተቀባይነት አለው፣ ነቅቶ ላለ እንስሳ ግን ስቃይ ነው። ካላደነዘዘው እምቢ በሉ።

ሥጋ ውስጥ መርዝ ደብቆ ማብላት ማሳረፍ አይደለም። ከተማ ውስጥ ለባዘኑ ውሾች የሚጣለው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ጡንቻን ሁሉ እያንቀጠቀጠ፣ እንስሳው ነፍሱን እያወቀ ነው የሚገድለው። ጎረምሳ ከፍሎ በዱላ ማስደብደብም፣ በገመድ ማሰቀልም እንደዚያው። «ወስደህ ከከተማ ውጭ ጣለው» ማለትም ከዚህ አይለይም፤ የሚያየው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው የሚቀልለን።

አብራችሁ ቁሙ። ካቃታችሁ የሚያውቀው አንድ ሰው ይቁም። እጃችሁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጉ፣ በስሙ ጥሩት። ወደዚያ የመጣው ከእናንተ ጋር ነውና ዞር ሲል ማየት የሚፈልገው እናንተን ነው።

ኃጢአት አይሆንብኝም?

ይኼን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ እኔ ለመፍረድ አልበቃም። የእኔን ግን ልንገራችሁ። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «በሬ እግሩ ሲሰበር ምን እናደርጋለን?» አሉኝ። እናርደዋለን አልኳቸው። «ስለማይድን፣ ስለሚሰቃይ። ያንተስ?» አሉኝ።

መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 12 ቁጥር 10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ይናገራል። ነቢዩ ናታን ለዳዊት በነገረው ምሳሌ ላይ ያ ድኻ ሰው አንዲት በግ ነበረችው፤ ከእንጀራው ትበላለች፣ ከጽዋው ትጠጣለች፣ በብብቱ ትተኛለች፣ እንደ ልጁም ነበረች። ዳዊት ይኼን ሲሰማ በባለ በጉ ድኻ ላይ ሳይሆን በጓን በቀማው ባለጸጋ ላይ ነው የተቆጣው። በመጽሐፈ ጦቢትም ውሻው ከልጁ ጋር አብሮ መንገድ ይወጣል። ፍትሐት ለሰው ነው፣ ለእንስሳ አይደረግም፤ መራራት ግን አልተከለከለም።

ብር የለኝም። ማሳከም ባለመቻሌ ገዳዩ እኔ ነኝ?

አይደላችሁም። የልጅ ደብተርና የቤት ኪራይ እያለ ለውሻ ብዙ ብር አለማውጣት ጭካኔ አይባልም። ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ያላችሁን ብር በግልጽ ንገሩት፤ «ይኼ አለኝ፣ በዚህ ምን ይደረግለታል?» በሉት። ማዳን ባይቻል ሕመሙን ማስታገስ ይቻል ይሆናል። ሁለቱም ካልተቻለ ቶሎ ማሳረፍ ሳምንት ሙሉ ከማሰቃየት በብርም ይቀንሳል፣ በሕሊናም።

ፈረሴ አርጅቷል። ሜዳ ልልቀቀው?

ይኼን ከአዊ በኩል ነው ደጋግመው የሚጠይቁኝ። ፈረስን እንደ አዊ የሚያከብር አገር የለም፤ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ ሲወጣ ማየት ልብ ይሞላል። የጋሪ ፈረስም አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይና ሰው ሲጎትት ኖሮ እግሩ ሲከዳው ልጓሙ ወልቆ መንገድ ዳር የሚለቀቅ።

ሜዳ መልቀቅ ነፃ ማውጣት ይመስላል። ግን የደከመ ፈረስ ሜዳ ላይ ማታ ሲመሽ የሚጠብቀው ጅብ ነው፤ ጅብ ደግሞ ገድሎ አይበላም፣ እየበላ ነው የሚገድለው። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል፣ አያይም። ይኼን ስጽፍ ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አባቶቻችን ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ያደርጉት ነበር። አሁን ግን የወረዳ ሐኪም አለ።

ቆሞ የሚግጥ፣ ጥርሱ የሚሠራ፣ ብቻ መሥራት ያቃተው ፈረስ ከሆነ ያለ ሥራ በረት እያደረ ይኑር፤ ሣርና ውኃ ነው የሚፈልገው። እግሩ ላይ ተርታውን እንደ መቁጠሪያ የሚወጣና የሚፈነዳ እባጭ ካለ ደግሞ ሳይስፋፋ አሳክሙት፣ ሲቆይ ነው እምቢ የሚለው፤ ወደ ሌሎች ፈረሶችም ይተላለፋል። እግሩ ከተሰበረ፣ ወድቆ መነሳት ካቃተው፣ ከዚያ ሌሊት በፊት ሐኪም ይምጣ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ እኛም በተራችን ማድረስ አለብን።

የት ልቅበረው?

ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም፤ ጓሯችሁ ይበቃል። ጉድጓዱ ከወገብ በላይ ይጥለቅ። ትልልቅ ድንጋይ ደርድሩበት፣ ላዩን እሾህ አልብሱት፤ ጅብ ይቆፍራል። ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ ራቁ። ወንዝ ውስጥ አትጣሉት፣ ገደልም አትወርውሩት። በተለይ በመድኃኒት ያረፈ እንስሳ ሰውነቱ ውስጥ መድኃኒቱ ይቆያል፤ የበላው ውሻ፣ ጅብ፣ ጥንብ አንሳ ሁሉ ይመረዛል። ጥንብ አንሳ ደግሞ እየጠፋብን ነው።

በእብድ ውሻ በሽታ የተጠረጠረ ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፣ የነበረበትን ቦታ በበረኪና እጠቡ። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የሚፈሰው በግ፣ ላም ወይም ፈረስ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አትግፈፉት፣ አትብሉት፣ ለባለሙያ ተናገሩ።

ለልጆቼ ምን ልበላቸው?

ሞተ በሏቸው። «ጠፋ» ካላችሁ በየመንገዱ ይፈልጉታል። «ተኛ» ካላችሁ ማታ መተኛት ይፈራሉ። «አጎታችሁ ጋ ገጠር ሄደ» ካላችሁ ደግሞ አንድ ቀን አጎትዬው ይመጣና ይጠይቁታል። የጎረቤቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መቻልን ስንቀብር አፈር መለሰ። እናቱ ልትከለክለው ነበር፣ ተውይው እታለም አልኳት። ማታ ራቱን በልቶ ተኛ።

ሰው እያለቀ ለውሻ ማልቀስ ነውር አይደለም?

ይኼ ጥያቄ የሚመጣው ከሌላ ሰው አፍ ብቻ አይደለም። ራሳችንም እንጠይቀዋለን። ጎረቤት ልጁን ቀብሮ በሚያለቅስበት ዘመን ለውሻ የሚያለቅስ ሰው ያፍራል።

እኔ የታየኝ እንዲህ ነው። ለሰው ሐዘን ቦታ አለው። ድንኳን ይጣላል፣ እድር ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ። ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ለእንስሳ ግን ይኼ ሁሉ የለም፤ መኖርም የለበትም ይሆናል። ስለዚህ ያ ሰው ጠዋት ሥራ ገብቶ ፈገግ ይላል፣ ማታ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲከፍት የሚነሳለት የለም። ትንሽ ሐዘን ብቻዋን ስትሆን ትከብዳለች።

ደግሞም የምታለቅሱት ለውሻው ብቻ ላይሆን ይችላል። አንዲት ደብረ ማርቆስ ያለች ሴት ድመቷ ስትሞት ሦስት ቀን አለቀሰች። ድመቷን ያመጣላት የሞተው ወንድሟ ነበር። ለወንድሟ ሲለቀስ እሷ ለቀስተኛ ስታስተናግድ፣ ቡና ስታፈላ፣ በቅጡ አላለቀሰችም።

ሰዎች «ምትኩን ይስጥህ»፣ «የመጣባችሁን ክፉ ይዞላችሁ ሄደ» ይሏችኋል። አትከፉ፤ የሚያውቁት ቃል እሱ ነው፣ ለማጽናናትም ነው የሚሉት። የሚስቅባችሁ ካለ ለእሱ አትንገሩ፤ ስለ እንስሳው የሚያውቅ አንድ ሰው ጥሩና ቡና አፍሉ፣ ስሙን እያነሳችሁ አውሩ። ሳምንታት አልፈውም እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካላችሁ፣ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ፣ ለቅርብ ሰው ተናገሩና ሆስፒታል ሂዱ። ምክንያቱ ውሻ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ሐኪሙ የሚያክመው እናንተን ነው።

«ቀድሜ ባሳክመው ኖሮ» የሚለው አልለቀኝም

እኔንም አልለቀቀኝም። የዘጠኙን ቀን ነገር አሁንም አስበዋለሁ። ሰው «አታስብ» ሲለኝ አይረዳኝም። የረዳኝ አንድ ነገር የማውቀውንና በዚያን ጊዜ የማላውቀውን ወረቀት ላይ ለይቼ መጻፌ ነው። እባጩን ባለማየቴ አልጠየቅም፤ ሆዱ ውስጥ ነበር። ሐኪሙ ከነገረኝ በኋላ ያለው ዘጠኝ ቀን የእኔ ነው፤ እሱን እይዛለሁ። ሁለቱ ሲለያዩ የቀረው ሸክም የሚቻል ሆነ።

ሌላ ውሻ መቼ ላምጣ?

ቤቱ ውስጥ ሌላ ውሻ ካለ መጀመሪያ እሱን አስተውሉት፤ የሞተውን ይፈልጋል፣ ደጅ ደጁን ያያል፣ ምግብም ሊቀንስ ይችላል። በሰዓቱ መግቡት፣ አብራችሁት ዋሉ።

እናንተን በተመለከተ ቀን የለውም። ጎረቤት በሁለተኛው ቀን ቡችላ በካርቶን ይዞ ቢመጣ አመስግናችሁ አልደረስኩም ማለት ትችላላችሁ። ግን የሞተው በፓርቮ ከሆነ ይኼ የልብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆያል። ወለሉን፣ ሳህኑን፣ ሰንሰለቱን በተበጠበጠ በረኪና እጠቡ፤ ጭዱንና ጆንያውን አቃጥሉ፤ ያልተከተበ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አታስገቡ። አዲስ ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ላይ ክትባት ይጀምራል፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገምለታል፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን ደግሞ በሦስት ወሩ ይወስዳል። የመቻልን ሰንሰለት እኔ አጥቤ አጥሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ እስካሁን እዚያው ነው።